ሲስታር ኤስ50 እና የሩቅ ፍንዳታ ብርሃን፦ ከሐዋሳ ጣራ ላይ የተጻፈ ግምገማ

ስለ ሲስታር ኤስ50፣ በስልክ ስለሚታዘዘው ትንሽ ቴሌስኮፕ፣ የተጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል ስለ ፎቶ ነው። ኦሪዮን ኔቡላ እንዴት እንደሚያምርበት፣ አንድሮሜዳ ስንት ደቂቃ እንደሚፈልግ። እኔ ግን ይህን ቴሌስኮፕ የፈለግኩት ለሌላ ጉዳይ ነው። በጣም ሩቅ የሆነ የጋማ ጨረር ፍንዳታ ሲከሰት ከኋላው የሚቀረውን፣ በየደቂቃው እየደበዘዘ የሚሄደውን ብርሃን ለመያዝ። ለሰው ስናገር «በዚህች ትንሽ ዕቃ?» ይለኛል። አዎ፣ በዚህች። እንዴት እንደሚቻል እነግራችኋለሁ፣ የማይቻልበትንም አልደብቅም።

ስለ ዕቃው ቶሎ ልለፍ። የፊት ሌንሱ ስፋት 50 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ 250 ሚሊሜትር ነው። ክብደቱ 2.5 ኪሎ ገደማ ስለሆነ በአንድ እጅ ይዛችሁት ደረጃ ትወጣላችሁ። ውስጡ የሶኒ አይኤምኤክስ462 ሴንሰር አለ። ዓይን የሚጠጋበት ቀዳዳ የለውም፤ ሁሉም ነገር በስልክ ነው። ታበሩታላችሁ፣ ክንዱ ራሱ ይነሳል፣ ሰማዩን ፎቶ ያነሳና ከዋክብቱን ከካርታ ጋር አመሳክሮ ወዴት እያየ እንደሆነ ይረዳል። ከዚያ ሂድ ወዳላችሁት ቦታ ይዞራል። ዘመዴ ከውጭ ሲመጣ ነው ይዞልኝ የመጣው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ረጅሞቹ የጋማ ጨረር ፍንዳታዎች፣ ከ2 ሰከንድ በላይ የሚቆዩት፣ በአብዛኛው የሚመጡት ነዳጁን የጨረሰ ግዙፍ ኮከብ መሀሉ ወደ ውስጥ ሲደረመስ ነው። ከመሀሉ ጠባብ የቁስ ጅረት ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግቶ ይፈተለካል። ጋማው ራሱ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ የምድር ከባቢ አየርም ስለማያሳልፈው ከመሬት አናገኘውም። ጅረቱ ግን በኮከቡ ዙሪያ ካለው ጋዝ ጋር ይላተማል። እዚያ ላይ ኤሌክትሮኖች በማግኔት መስክ ውስጥ እየተሽከረከሩ ብርሃን ይረጫሉ፤ ሲንክሮትሮን የሚባለው ጨረር ነው። ኤክስሬዩም፣ በዓይን የሚታየው ብርሃንም፣ ሬዲዮውም ከዚሁ ይወጣል። ጅረቱ ጋዙን እየገፋ ፍጥነቱ ሲቀንስ ብርሃኑም አብሮ ይደክማል። ፈረንጆቹ አፍተርግሎው ይሉታል፣ እኔ ቅሪት ብርሃን እያልኩ እቀጥላለሁ።

የሚደክምበት መንገድ ነው ለዚህ ቴሌስኮፕ ዕድል የሰጠው። ከፍንዳታው በኋላ ባለው ሰዓት፣ በግርድፉ፣ ያለፈው ጊዜ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ግማሽ ይሆናል። በ10ኛው ደቂቃ የነበረው በ20ኛው ግማሽ፣ በ40ኛው ሩብ። ሁሉም እንዲህ አይሄድም፣ አንዳንዱ ከዚህ ይፈጥናል፣ ኋላ ላይ ደግሞ ብዙዎቹ ድንገት ቁልቁል ይወርዳሉ። ሂሳቡን ግን ሥሩት። በ10ኛው ደቂቃ ያለው ብርሃን ከ10 ሰዓት በኋላ ካለው 60 እጥፍ ይበልጣል። 60 እጥፍ ብርሃን ለመሰብሰብ ሌንሱ ወደ 8 እጥፍ ገደማ መስፋት አለበት። ማለትም 50 ሚሊሜትሯ ሲስታር በ10ኛው ደቂቃ የምትሰበስበውን ያህል ብርሃን ከ10 ሰዓት በኋላ ለማግኘት 40 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል! ስለዚህ ከትልቅነት በፊት ፍጥነት። ይህን ዕቃ የምወደውም በፍጥነቱ ነው። ከቦርሳ ወጥቶ የመጀመሪያውን ፎቶ እስኪያነሳ ድረስ ቡና አይፈላም።

ይህ የእኔ ምኞት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ጥር 23 ቀን 1999 ሮትሴ የሚባለው የአሜሪካኖች መሣሪያ፣ ሎስ አላሞስ ላይ የተተከለው፣ ማስታወቂያ ደርሶት ፍንዳታው በጀመረ በ22ኛው ሰከንድ ፎቶ ጀመረ። መሣሪያው ምን ነበር? አራት የካኖን 200 ሚሊሜትር የፎቶ ሌንሶች፣ እያንዳንዳቸው 11 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው። የያዘው ብርሃን እስከ 9 ማግኒቱድ ደርሶ ነበር (ማግኒቱድ የድምቀት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ድምቀቱ ይጨምራል)፣ በተራ ባይኖኩላር የሚታይ። ከ9 ቢሊዮን ዓመት በላይ የተጓዘ ብርሃን ነው እንግዲህ። ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች እስኪዞሩ ዋናው ነገር አልፏል።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ቅሪት ብርሃን መኖሩን እንኳ ማንም አይቶ አያውቅም ነበር። ፍንዳታዎቹን መጀመሪያ ያገኙት ቬላ የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1967፤ ሥራቸው ድብቅ የኑክሌር ሙከራ መጠበቅ ነበር። ጉዳዩ በ1973 ይፋ ሆነ። ከዚያ በኋላ ከየት እንደሚመጡ ሳይታወቅ ክርክሩ ሃያ ምናምን ዓመት ቀጠለ፤ ቅርብ ናቸው የሚል አለ፣ ከጋላክሲያችን ውጭ ናቸው የሚል አለ። እ.ኤ.አ. የካቲት 28 ቀን 1997 ቤፖሳክስ የተባለው ሳተላይት ቦታውን ጠቆመና ላ ፓልማ ደሴት ላይ ያለው የዊሊያም ሄርሸል ቴሌስኮፕ እየደበዘዘ የሚሄድ ነጥብ አገኘ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ለሌላ ፍንዳታ ሃዋይ ላይ ባለው ኬክ በሚባለው ቴሌስኮፕ ርቀት ተለካ፣ ቢሊዮኖች የብርሃን ዓመት ሆኖ ተገኘ። ክርክሩ ተዘጋ። የዘጋችው ያቺ የምትደበዝዝ ነጥብ ናት፤ ለዚህ ነው ነገሩ እንዲህ የሚይዘኝ።

እሺ፣ ከሐዋሳ እንዴት ይሠራል? ሲስታር ራሱ ፍንዳታ መከሰቱን አያውቅም፣ ማወቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ለዚህ ፍንዳታ ሲገኝ ማስታወቂያ የሚያሰራጨው የናሳው ጂሲኤን አለ፣ በነፃ ነው። ኢሜይል ትመዘግባላችሁ፣ የምትፈልጉትን ሳተላይት ትመርጣላችሁ፣ መልእክቱ ፍንዳታው ከተመዘገበ በኋላ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ፣ አንዳንዴም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ሁለት ዓይነት መልእክት አለ። አንዱን ማሽን ይልከዋል፣ ኮርዲኔት (የቦታው የሰማይ አድራሻ) እና ሰዓት ብቻ። ሌላው ሰርኩላር የሚባለው ነው፣ ተመራማሪዎች ያዩትን ራሳቸው የሚጽፉበት፤ ይህኛው ዘግየት ይላል ግን ማንበቡ ትምህርት ቤት ነው።

ሳተላይት አመራረጥ ላይ ላስጠንቅቃችሁ። ፌርሚ ብዙ ፍንዳታ ያያል፣ የሚሰጠው ቦታ ግን ብዙ ጊዜ በዲግሪዎች የሚቆጠር ሰፊ ነው፤ ለዚህ ቴሌስኮፕ አይሆንም። ስዊፍት፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመጠቀው፣ በመጀመሪያው መሣሪያው ቦታውን እስከ 3 አርክሚኒት ገደማ ያጠባል፣ የሙሉ ጨረቃ ስፋት አንድ አሥረኛ ማለት ነው፤ ከዚያ የኤክስሬይ ቴሌስኮፑ ወደ ጥቂት አርክሰከንድ፣ የአርክሚኒት ስድሳኛ ወደሆነው፣ ያወርደዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የተመጠቁት የቻይናው አይንስታይን ፕሮብና የቻይናና የፈረንሳይ የጋራ ሥራ የሆነው ኤስቮምም አሉ። ሲስታር በአንድ ጊዜ የሚያየው የሰማይ ክፍል 1.3 በ0.7 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የስዊፍት ክብ ውስጡ ሰፍቶ ይገባል። እዚህ ላይ ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ራሳቸው የማያገኙት ምቾት አለ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ማስታወቂያው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው የሚመጣው። 18:20 ካለ ለእኛ ማታ 3:20 ነው። ሌሊት ከእንቅልፍ ተነስታችሁ ከማሰብ አንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ከምሽቱ 12 እስከ ንጋት 12 የሚመጣውን ብቻ ነው መከተል የምትችሉት፣ ያም ቦታው ከአድማስ በላይ ሲሆን። ቀን ላይ የሚወድቀው ያልፋል። እንዲያውም በታሪክ በዓይን ለመታየት የደረሰው ፍንዳታ፣ 080319ቢ (ፍንዳታዎቹ የሚጠሩት በደረሱበት የፈረንጅ ዓመት፣ ወርና ቀን ነው)፣ መጋቢት 10 ቀን 2000 ዓ.ም. ሲደርስ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3:12 ነበር። ሐዋሳ ላይ ፀሐይ ወጥታ ሰው ሥራ ገብቷል። ቺሊ ላይ ግን ሌሊት ነበረና ሰፊ ካሜራዎች ወደ 5.3 ማግኒቱድ ሲደርስ ያዙት። 7.5 ቢሊዮን ዓመት የተጓዘ ብርሃን፣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል፣ ጨለማ ቦታ ቆሞ በትክክል ወደዚያ ለሚያይ ሰው በባዶ ዓይን የሚታይ!

የሐዋሳ ሰማይ ለዚህ ሥራ እንዴት ነው ላላችሁ፣ ቦታው ጥሩ ነው፣ አየሩ እንደ ወቅቱ። በ7 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላለን ከሰሜኑም ከደቡቡም ሰማይ የሚያመልጠን ትንሽ ነው። ክረምት ላይ ተስፋ አታድርጉ። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ሰማዩ ይከፈታል። ሐይቅ ዳር አካባቢ መብራቱም እርጥበቱም ይበዛል፤ ንጋት አካባቢ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይይዛል፣ ለዚህ ሲስታር ውስጡ ማሞቂያ ስላለው አፑ ላይ ማብራት ነው። ከፒያሳና ከሞቢል ብርሃን ራቅ ብሎ ወደ ቱላ በኩል ሰማዩ ይጠቁራል። እኔ የምሠራው ከምኖርበት ግቢ ጣራ ላይ ነው። የታቦር ተራራ ከአድማሱ ትንሽ ይቆርጣል እንጂ አይከለክልም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይጨልምና ሰማዩ ሌላ ይሆናል። ባትሪው 6 ሰዓት ገደማ ይይዛል፣ ከዚያ በላይ ለሚቆይ ፓወር ባንክ ይሰካል።

መብራት ሲጠፋ የሚቸግረው ኢንተርኔቱ ነው። ሲስታር የራሱን ዋይፋይ ያወጣል፣ ስልካችሁን ከእሱ ጋር ስታገናኙት ስልኩ ከኢንተርኔት ሊለያይ ይችላል። የቤት ዋይፋይ ላይ ማሰርም ይቻላል፣ ራውተሩ ከጠፋ ግን ያው ነው። የእኔ መፍትሔ ሁለት ስልክ ነው። አንዱ ለቴሌስኮፑ፣ ሁለተኛው፣ አሮጌው፣ በሞባይል ዳታ ኢሜይል እየተቀበለ ይቀመጣል፤ ለጂሲኤን ብቻ የተለየ የጥሪ ድምፅ ሰጥቼዋለሁ።

አንድ ምሽት ልተርክላችሁ። እራት ከበላን በኋላ ስልኩ ጮኸ፣ የስዊፍት ማስታወቂያ። ቦታው ወደ ደቡብ፣ ከፍ ብሎ። ጣራ ላይ ወጣሁ፣ ኮርዲኔቱን አስገባሁ፣ ባለ 10 ሰከንድ ፎቶ ጀመርኩ። እያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም እያንዳንዱ ነጠላ ፎቶ፣ ለብቻው እንዲቀመጥ የሚያደርገውን ምርጫ ማብራት አለባችሁ፣ ይህን አጥብቄ ነው የምለው፤ ምክንያቱን አሁን ታዩታላችሁ። የመጀመሪያው ፍሬም ላይ ምንም የለም። ፍሬሞቹ እርስ በርስ ሲደራረቡ፣ ሦስት የታወቁ ከዋክብት ከሠሩት ጠባብ ሦስት ማዕዘን አጠገብ፣ አንዲት ነጥብ ብቅ አለች። በዚያው ቦታ የቀድሞ የሰማይ ቅኝት ፎቶ ከፈትኩ፣ ከሲስታር ብዙ እጥፍ ጠልቆ የሚያይ። ሦስቱ ከዋክብት አሉ፣ ነጥቧ የለችም። የሚንቀሳቀስ አስትሮይድ እንዳይሆን ዝርዝሩን አየሁ፣ በአካባቢው የሚጠረጠር አልነበረም። የሴንሰሩ የራሱ ብልሽት ነጥብ ቢሆን ደግሞ፣ ሰማዩ በፎቶው ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚዞር፣ ሲደራረብ ተስቦ መስመር ይሆን ነበር። ይህች ግን ክብ ናት።

ከዚያ ዋናው ሥራ። ሁሉንም ፍሬም አንድ ላይ ብትደራርቡት ነጥቧን ታያላችሁ፣ መደብዘዟን ግን ታጣላችሁ። ስለዚህ በየ10 ደቂቃው እየከፈልኩ ለየብቻ ደረደርኩት። በመጀመሪያው ክምር ከአጠገቧ ካለው ኮከብ ትደምቃለች። በሁለተኛው እኩል ናቸው። በሦስተኛው ኮከቡ ይበልጣታል። ኮከቡ አልተቀየረም፣ ፎቶውም አልተቀየረም፣ የወረደችው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ከፎቶው ሻካራነት ጋር ተቀላቀለች። አከራዬ ጋሼ ብርድ ልብስ ደርበው ወጡና ስልኩን አሳየኋቸው።

«ይቺ ናት?» አሉኝ።

«እሷ ናት ጋሼ።»

«ነገስ ትኖራለች?»

«ለኛ ቴሌስኮፕ ነገ የለችም።»

«እንግዲያው ዛሬ ደህና አድርገህ ያዛት ልጄ» ብለው ወንበር አምጥተው ተቀመጡ።

በኋላ ሰርኩላሩ ላይ በትልቅ ቴሌስኮፕ የተለካው ቀይ ሽግግር (የብርሃኑ ሞገድ በመንገዱ ስንት እንደተለጠጠ የሚናገር፣ ርቀቱም የሚታወቅበት ቁጥር) ከ1 በላይ ሆኖ ወጣ። ያ ብርሃን ሲነሳ መሬት አልነበረችም ማለት ነው። መሬት ዕድሜዋ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ነው፣ ብርሃኑ የመጣው ከ7 ቢሊዮን ተኩል በላይ ተጉዞ። እኛ ጣራ ላይ የያዝነው ጠዋት ስትነሱ የምትረሱት ዓይነት ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ሌሊቱን አልተኛሁም።

አሁን ገደቡን። ከእኔ ጣራ አንድ ባለ 10 ሰከንድ ፍሬም 13 ተኩል ማግኒቱድ ገደማ ያወጣል። 100 ፍሬም ሲደራረብ ጥራቱ 10 እጥፍ ስለሚሻሻል ወደ 16 ይደርሳል፣ ከሩብ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ። ማግኒቱድ ቁጥሩ ሲጨምር ድምቀቱ የሚቀንስ መሆኑን አትርሱ። አብዛኛው ቅሪት ብርሃን ማስታወቂያው ደርሶ እስክትወጡ ከ16 በታች ወርዷል። ስለዚህ ብዙ ምሽት ባዶ ሰማይ ትወስዳላችሁ። ባዶውም ግን ዋጋ አለው፤ በዚህ ሰዓት ከዚህ ደረጃ በታች ነበር ማለት ራሱ መለኪያ ነው። አንዳንዴ ደግሞ እንደ 030329 ያለ ይመጣል፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 የደረሰው፤ ከፍንዳታው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ እንኳ ወደ 12 ተኩል ማግኒቱድ ነበር። በየአገሩ ያሉ አማተሮች ተከታትለውታል፣ ከቅሪት ብርሃኑ ሥር ደግሞ ሱፐርኖቫ፣ የፈነዳው ኮከብ ራሱ፣ ወጣ። እንዲህ ያለ ዛሬ ማታ ቢመጣ ሲስታር በአንድ ፍሬም ያየዋል።

ሌላ ለእኛ አገር ሰው መነገር ያለበት ነገር አለ። የውጭ ግምገማዎች ኢኪው ሞድን ያወድሳሉ፣ ቴሌስኮፑን ወደ ሰማዩ ዋልታ፣ ከዋክብቱ ወደሚዞሩበት ነጥብ፣ አጋድሞ በ30 ሰከንድ ፍሬም መሥራት። ለአውሮፓ ልክ ነው። እኛ ጋ ግን ዋልታው ከአድማስ በ7 ዲግሪ ብቻ ነው የሚነሳው፤ እዚያ ድረስ ማጋደም ማለት ዕቃውን ማስተኛት ነው ማለት ይቻላል፣ አብሮት በሚመጣው ትንሽ ትሪፖድ ላይ ደግሞ ሚዛኑን አይጠብቅም። ሐዋሳም ሁን አዳማ፣ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ በ10 ሰከንድ ፍሬም ሥሩ። ለደበዘዘ ነጥብ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። በቀጥታ አናት ላይ ያለ ቦታ ብቻ ያስቸግራል፣ ግማሽ ሰዓት ስትጠብቁ ሰማዩ ራሱ ያወርድላችኋል፤ ለፍንዳታ ግን ግማሽ ሰዓት ብዙ ነው።

ድምቀቱን ለመለካት ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ሲሪልና አስታፕ የሚባሉት ፕሮግራሞች ሁለቱም ነፃ ናቸው። ሴንሰሩ ባለቀለም ስለሆነ አረንጓዴውን ብቻ ለይታችሁ በዚያው ፎቶ ካሉ የታወቁ ከዋክብት ጋር አወዳድሩ፣ ሰዓቱንም በሰከንድ መዝግቡ። ቁጥሩ ያለ ሰዓት ለማንም አይጠቅምም።

ለዚህ ሥራ ከ5 4 እሰጠዋለሁ፣ የጎደለውም 1 የሌንሱ ስፋት ነው። እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ፣ እነሱ የሚጠልቁትን ይህ አይጠልቅም፣ ያን የሚጠብቅም አይግዛው። ፎቶ ብቻ የምትፈልጉ ስለ ፎቶ የተጻፉትን አንብቡ። ለፍንዳታ የምትፈልጉት ግን ከመግዛታችሁ በፊት ጂሲኤን ላይ ተመዝገቡና ለጥቂት ሳምንት ማስታወቂያውን ብቻ ተከታተሉ። የትኛው ማታ እንደሚመጣ፣ የትኛው ከሐዋሳ እንደሚታይ፣ ቦታው ስንት አርክሚኒት እንደሆነ እያያችሁ ቆዩ። ሌሊት 8 ሰዓት ስልኩ ሲጮህ ልባችሁ ከአልጋ የሚያስነሳችሁ ከሆነ ግዙት፤ ከሁለተኛ ስልክና ከጥሩ ፓወር ባንክ ጋር።